ከአቤቱታ ወደ ንግግር መድረክ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የሠራተኞች የመደጋገፊያ ቡድኖች ለባልደረቦቻቸው የንግግር ዝግጅት ማሰናዳታቸው የተለመደ ሆኗል። አዳራሹን ዩኒቨርሲቲው ይፈቅዳል፤ ወጪውንም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል፤ ተጋባዡም እንግዳ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ይሄዳል። የቡድኖቹ መነሻ ግን ንግግር ሳይሆን አቤቱታ ነበር።

በጁላይ ወር 1964 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሮቸስተር ከተማ የዘር ብጥብጥ ተነሣ። በዚያች ከተማ የተመሠረተው የዜሮክስ ኩባንያ ኃላፊ ጆሴፍ ዊልሰን ለጥቁር ሠራተኞች የቅጥር በር ከፈቱ። የተቀጠሩትም በምደባና በዕድገት አድልዎ ስለ ገጠማቸው ተሰብስበው መምከር ያዙ፤ በ1970ም ብሔራዊ የጥቁር ሠራተኞች ስብስብ አቋቋሙ። የመደጋገፊያ ቡድኖች ታሪክ ዘወትር ከዚህ ይጀመራል።

ለዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሐርቫርድ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካረን ነስባውምና ኤለን ካሲዲ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ነስባውም ከጠረጴዛቸው ተቀምጠው ሳሉ አንድ ተማሪ ገብቶ፣ ፊት ለፊት እያያቸው፣ እዚህ ሰው የለም ወይ ብሎ እንደ ጠየቃቸው ደጋግመው ተናግረዋል። በ1972 አሥር ያህል ሴቶች ሆነው የሥራ ቦታ በደላቸውን መወያየት ጀመሩ፤ «ናይን ቱ ፋይቭ» የተባለች ጋዜጣም አዘጋጅተው አደሉ። ስሟ የቢሮውን የሥራ ሰዓት የሚያመለክት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። በ1973 ድርጅት መሠረቱ፤ በ1975ም ቁጥሩን ከዚያው ሰዓት የወሰደ፣ 925 የተሰኘ የሠራተኛ ማኅበር ቅርንጫፍ አቋቋሙ። በእነርሱ ስብሰባ ተናጋሪዋ ስለ ደመወዟ የምትናገረው ታይፒስቷ ራሷ ነበረች።

በዚያው በሐርቫርድ ሌሎች አደራጆች በሕክምናው ክፍል በ1977 እና በ1981 ምርጫ ተሸንፈው፣ በ1988 በመላው ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈትና የቴክኒክ ሠራተኞች ምርጫ 1,530 ለ1,486 አሸነፉ። ልዩነቱ 44 ድምፅ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ተከራክሮበት ኋላ ተቀበለ፤ የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነትም በ1989 ተፈረመ።

ታዲያ የመደጋገፊያ ቡድኑ ስለ ምን በዚህ መንገድ አልሄደም? መልሱ በከፊል ከሕግ ይገኛል። በ1935 የወጣው ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ አሠሪው የሠራተኛን ማኅበር በገንዘብ እንዳይደግፍና እንዳይቈጣጠር ይከለክላል። ስለዚህ አዳራሽና በጀት ከአሠሪው የሚቀበል ቡድን ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪው ጋር ከመደራደር ይቈጠባል። ከተተዉለት ሥራዎች ዋናው እንግዳ መጋበዝ ሆነ። ይህ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የተበታተኑ ባልደረቦችን ያስተዋውቃል፤ ዳሩ ግን የታይፒስቷን ጥያቄ አይተካም።

የአሠሪው ድጋፍም ቢሆን ዋስትና የለውም። የቴክሳስ ክፍለ ግዛት በ2023 ያወጣው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው ሕግ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኅነትና የእኩልነት ቢሮ እንዳይኖራቸው ከለከለ። በኤፕሪል 2024 በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ በዚህ ተግባር የተሰማራውን ክፍል ዘግቶ በርካታ ሠራተኞችን አሰናበተ። ሕጉ ከክልከላው ውጭ ከተዋቸው ነገሮች አንዱ ለአጭር ጊዜ የሚጋበዝ እንግዳ ተናጋሪ ነው።