ተኩሱ የፕሬዚዳንቱ፣ አደኑ የመሪዎቹ

በሚያዝያ 1905 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ ኒውካስል ከምትባል የኮሎራዶ ከተማ አንድ የአደን ጓዝ በፈረስ ወደ ተራራ ወጣ። የጭነት ፈረሶቹ ስንቅ ተሸክመዋል፤ ወጥ ሠሪው፣ ጫኞቹና የፈረስ ጠባቂዎቹ ይከተላሉ። ከተጓዦቹ አንዱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። በዚያ ጉዞ ግን አዛዡ እሳቸው አልነበሩም። የትኛው ሸንተረር እንደሚታሰስና ውሾቹ መቼ እንደሚለቀቁ የሚያውቁት ጆን ጎፍ እና ጄክ ቦራ የተባሉ ሁለት የአገሬው አዳኞች ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስማቸውን በጨረፍታ ነክተው ያልፋሉ፤ የሚገባቸው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ጎፍና ሩዝቬልት የቆየ ትውውቅ ነበራቸው። በ1901 መጀመሪያ፣ ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተመርጠው ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ፣ በሚከር ከተማ አካባቢ ፑማ ለማደን ሲወጡ የመሯቸው ጎፍ ናቸው።

ለ1905ቱ የድብ አደን ሁለቱ መሪዎች፣ ጎፍና ቦራ፣ የየራሳቸውን ውሾች ይዘው መጡ። በድምሩ 26 አነፍናፊዎችና 4 የቴሪየር ድቅሎች ነበሩ። የሥራ ክፍፍላቸው ራሱ ጥበብ አለበት። አነፍናፊዎቹ ዱካውን ይዘው እየጮኹ ያሳድዳሉ። ድቡ ሩጫው ሲያደክመው ወይ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ወይ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ ይፋለማል። ያን ጊዜ ትንንሾቹ ቴሪየሮች ከኋላው ነከስ እያደረጉ መሸሻ ያሳጡታል። በዚህ ትግል የሚቆስሉት ውሾቹ ናቸው።

የመሪው ሙያ የሚጀምረው ከአደኑ ቀን በፊት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በኮሎራዶ ተራሮች አጋዘን ሞልቷል፤ አንድ ወጣት ውሻ የአጋዘን ሽታ አግኝቶ ከሸለቆ ሸለቆ ከሮጠ ቀኑ ባከነ። ስለዚህ ቡችላው ከአንጋፋዎቹ ጋር እየወጣ የትኛውን ሽታ መተው እንዳለበት ይማራል። ለዚህ ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋል። አደኑ ሲጀመር ደግሞ መሪው የሚተማመነው በጆሮው ነው። ገደሉ ፈረስ አያስሮጥም፣ ውሾቹም ወዲያው ከዓይን ይሰወራሉ። ዱካ ሲከተሉ የሚያሰሙት ረጅም ጩኸት፣ ድቡ ዛፍ ሲወጣ ወደ አጭርና ተደጋጋሚ ጩኸት ይለወጣል። የለመደ መሪ ከሸንተረሩ ላይ ቆሞ ይህን ለውጥ ይለያል፤ የትኛው ውሻ እንደሚጮኽ ከድምፁ ያውቃል፤ እንግዳውንም በየት በኩል እንደሚያደርሰው ይወስናል። ለተኳሹ የሚቀረው፣ ዛፍ ላይ የወጣውን እንስሳ አልሞ መምታት ነው።

ሩዝቬልት ይህን አልደበቁም። በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ድብን በተራራ ላይ በውሾች በማደን ከጎፍና ከቦራ የሚበልጥ ሰው እንደሌለ መስክረዋል። በአደኑ ጊዜ የተራራው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር፤ ድቦቹም ከክረምት እንቅልፋቸው የነቁት በቅርቡ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ቡድኑ 10 ድቦችና 3 የዱር ድመቶች ገድሎ ነበር።

ከውሾቹ መካከል ስኪፕ የሚባለው ትንሽ ቴሪየር የፕሬዚዳንቱን ልብ ገዛ። ሲደክመው ኮርቻ ላይ ከፊታቸው ተቀምጦ ይጓዛል። ሩዝቬልት ለልጃቸው ለአርቺ ወሰዱት፤ ኋይት ሀውስም ኖረ።

የመንግሥት ሥራም እስከ ተራራው ተከትሏቸው ነበር። ጸሐፊያቸው ዊልያም ሎብ በግሌንዉድ ስፕሪንግስ ከተማ በሆቴል ኮሎራዶ ተቀምጠው ቴሌግራም ይቀበሉ ነበር። ያ ወቅት ሩሲያና ጃፓን የሚዋጉበት ነበር፤ ሁለቱን የማሸማገሉ ጉዳይ አንገብጋቢ እየሆነ ሲመጣ ሩዝቬልት አደኑን አሳጥረው ተመለሱ። በመስከረም ጦርነቱ በፖርትስመዝ ስምምነት አበቃ፤ በ1906 ሩዝቬልት የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ድብ ከዳዊት ታሪክ የሚታወቅ የመጽሐፍ እንስሳ ነው። ሩዝቬልት ግን ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ባዕድ አልነበሩም። በታኅሣሥ 1903 መልእክተኛቸው ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ለአዳኙ ፕሬዚዳንት የዝሆን ጥርስና አንበሶች በስጦታ ልከዋል።

በአሜሪካ የመሪው ሥራ በተኳሹ ስም መጠራቱን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የሆልት ኮሊየር ታሪክ ነው። ኮሊየር በባርነት የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። በኅዳር 1902 በሚሲሲፒ ረግረጋማ ጫካ ሩዝቬልትን የመሩት እሳቸው ነበሩ። ውሾቻቸው ያደከሙትን ድብ በጠመንጃ ሰደፍ መትተው ከዛፍ ጋር አሰሩት። ፕሬዚዳንቱ የታሰረ እንስሳ አልተኩስም አሉ። ካርቱኒስቱ ክሊፎርድ ቤሪማን ይህን ሣለ፤ ከዚያም የልጆች አሻንጉሊት የሆነው ቴዲ ድብ ተወለደ። ስሙ የሩዝቬልት ሆኖ ቀረ። በኮሊየር ስም የዱር እንስሳት መጠለያ የተሰየመው በ2004 ነው፤ ከሞቱ 68 ዓመት በኋላ!

የ1905ቱ አደን ዛሬ በኮሎራዶ ወንጀል ይሆን ነበር። በኅዳር 1992 ከመራጮቹ 70 ከመቶ ያህሉ ድብን በጸደይ ማደንን፣ በውሾች ማደንንና በማባበያ ምግብ መሳብን ከለከሉ። በጸደይ እናት ድብ ስትገደል ግልገሎቿ ሳይጠቡ ይቀራሉና ውሳኔው ተገቢ ነበር። ፑማን በውሾች ማደን ግን እንደተፈቀደ ነው፤ በ2024 ያንን ለማስቆም የቀረበውን ሐሳብ መራጩ አልተቀበለውም።

በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ድብን በውሾች ማደን አሁንም ሕጋዊ ነው። እዚያ የፕሎት ቤተሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ለድብ አደን ያራባው ፕሎት ሃውንድ የተባለ ዝርያ በ1989 የግዛቲቱ ውሻ ተብሎ በሕግ ታወጀ። ክብሩ ለተኳሽ ሳይሆን ለውሻ አርቢዎችና ለውሾቻቸው የደረሰበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።