ታፔላ አይከሰስም
የተከሳሽ ስም ታሪክ



የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ተከሳሽ» የሚል ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ቃል ያነበዋል። ከቃሉ አጠገብ የማን ስም እንደሚጻፍ ማወቅ ግን ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ያን ያላወቀ ሰው እውነት ይዞ ሄዶ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ለመሆኑ ይህ ነገር እንዴት እንዲህ ከበደ? ከታሪኩ እንጀምር።

ድሮ ተከሳሽ ማለት በዓይን የሚታይ ሰው ነበር። ገንዘቡን የተከለከለ ሰው ባለዕዳውን መንገድ ላይ ቢያገኘው «በሕግ አምላክ!» ይለዋል። ይህን የሰማ ሰው ይቆማል። ከዚያ የሁለቱ ነጠላ ጫፍና ጫፉ ይቋጠራል፤ ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬም አልጠፋም፤ ታሞ የተኛን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ዋስ ይጠራሉ፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገታሉ።

ይህ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት። አንድ ነገር ግን አያሳስትም ነበር። ተከሳሹ ማን ነው? በነጠላው የታሰረው ሰው ነዋ!

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን አዲስ ዓይነት ባለዕዳና አዲስ ዓይነት ባለገንዘብ መጣ። ስሙ ኩባንያ ይባላል። ኩባንያ ነጠላ አይለብስም፤ «በሕግ አምላክ» ቢሉት አይቆምም። ሆኖም ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ይበደራል፥ ይከሳል፥ ይከሰሳል። ሕግ እንደ ሰው ይቆጥረዋል። ይህም የሕግ ሰውነት ይባላል።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። አንደኛው የባቡሩ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራውን የጀመረው ኩባንያ ሐዲዱን ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ፤ ይኸውም የፍራንስና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተባለው ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩን አዲስ አበባ ያስገባው ይህ ሁለተኛው ኩባንያ ነበር። ልብ በሉ። ሐዲዱ ያው ሐዲድ ነው። ኩባንያው ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ኩባንያ ቀሪ ገንዘብ አለኝ የሚል ሰው «ባቡሩን ከስሼ» ቢል ምን ማለቱ ነው? የትኛውን?

ሁለተኛው ምሳሌ የባንኩ ነው። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በ1923 ዓ.ም. ያ ባንክ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ታዲያ በ1988 ዓ.ም. አቢሲንያ የሚል ስም ያለው የግል ባንክ በአክሲዮን ተቋቋመ። ይህ ዛሬ የምናውቀው ባንክ ነው፤ ከጥንቱ ጋር ስም እንጂ ሰውነት አያገናኘውም። ባቡሩ ላይ ነገሩ አንድ ሆኖ ባለቤቱ ተለወጠ። ባንኩ ላይ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖ ድርጅቱ ሌላ ሆነ።

«ባቡሩ እኛ አገር አልደረሰም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አገው ምድር ባቡር አልገባም። ነገሩ ግን በመኪና መንገድ መጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያልፋል። ነጋዴውም ድርጅቱም በዚያ መጣ። በደርግ ዘመን የጎጃም ገበሬ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። ሚዛን ላይ የቆመው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ገዢው ግን እሱ ሳይሆን ድርጅቱ ነበር።

ሕጉስ ምን አለ? በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ወጣ። ሕጉ በ124ኛው አንቀጽ የንግድ መደብር ንብረት መሆኑን ተናገረ። በ2013 ዓ.ም. የዚያ ሕግ ይህ ክፍል በአዲስ የንግድ ሕግ ተተካ፤ ይህ ሐሳብ ግን አልተለወጠም። መደብር ንብረት ከሆነ እንደ በሬ ነው ማለት ነው። የጎረቤት በሬ ማሳችሁን ቢበላ በሬውን አትከሱም፤ የበሬውን ጌታ ትከሳላችሁ። ሱቅም እንዲሁ ነው። የሚከሰሰው የሱቁ ጌታ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ222ኛው አንቀጽ የክስ ማመልከቻ የከሳሹንና የተከሳሹን ስምና አድራሻ መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እንበል፥ አንድ የፋግታ ለኮማ አርሶ አደር የዲከረንስ ከሰሉን እንጅባራ ላይ በዱቤ ሸጠ። ገንዘቡ ቀረበት። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደ።

«አያ፥ ተከሳሹ ማን ይባላል?»

«ታፔላው ላይ እንደተጻፈው ነዋ፥ ልጄ!»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ታፔላው «እገሌ ንግድ ሥራ» ይላል። ከታፔላው ጀርባ ያለው ማን ነው? ሦስት መልስ ሊኖር ይችላል።

አንደኛ፥ ባለቤቱ ግለሰብ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተከሳሹ ነጋዴው ራሱ ነው፤ በስሙ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጻፋል። ሁለተኛ፥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተከሳሹ ማኅበሩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። የእንጅባራው ቤት ቅርንጫፍ ቢሆንም የሚጻፈው የማኅበሩ ሙሉ ስም ነው። ሦስተኛ፥ ከሰሉን የተረከበው ሰው ከሱቁ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፥ ለራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሱቁን መክሰስ ንጹሕ ሰው መክሰስ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበርም ይህንኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀበሌው ማኅበር አንድ ሰውነት አለው። ዩኒየኑ ሌላ ሰውነት አለው። ማዳበሪያ የሸጠላችሁ የትኛው ነው?

ስሙ ቢሳሳት ምን ይመጣል? መጥሪያው የሚደርሰው ሰው ይጠፋል። ወይም የተጠራው ሰው ቀርቦ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይቃወማል። ዳኛው ያልተገባው ተከሳሽ እንዲወጣ፥ የተገባው እንዲገባ ሊያዝ ይችላል፤ ሕጉ ይህን በር ከፍቷል። ነገር ግን ቀጠሮ ይራዘማል፤ የመንገድና የዳኝነት ገንዘብ ይባክናል። ከሁሉ የከፋው፥ በታፔላ ስም ተፈርዶ ፍርዱ ሲፈጸም የሚያዝ ንብረት ሊጠፋ ይችላል። ጊዜውም አይቆምም። ከውል የመጣ ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት፥ ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሣ 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ያጠረ ጊዜ የተወሰነለት ጉዳይም አለ።

ታዲያ ትክክለኛው ስም ከየት ይገኛል? ከማንበብ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የንግድን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴው ነው፤ የሚመዘግበው ደግሞ የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ሰው በሚያየው ቦታ መስቀል አለበት። በፈቃዱ ላይ የባለፈቃዱ ስም፥ የንግድ ስሙና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይገኛል። ደረሰኝም ላይ ስም አለ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀንም ይጠቅማል፤ ታፔላው ሳይወርድ ሱቁ ለሌላ ሰው ተሸጦ ሊሆን ይችላልና። ከተጠራጠራችሁ ወደ ወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የንግድ መዝገብ የተቋቋመው ሰው ሁሉ ከማን ጋር እንደሚገበያይ እንዲያውቅ ነው።

እንጅባራን ዛሬም ኮሶበር የሚላት ሰው አለ። በሁለቱም ስም ብትጠሩት ባለመኪናው ያደርሳችኋል። ፍርድ ቤት ግን እንደ ባለመኪና አይደለም፤ የሚያደርሳችሁ በጻፋችሁት ስም ብቻ ነው።

የዛሬው የንባብ ሥራችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንድ የምታውቁት ሱቅ ግቡ። መጀመሪያ ታፔላውን አንብቡ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብቡ። ሁለቱን ስም ደብተራችሁ ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? በዱቤ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ማንበብ ልመዱ።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሰንብቱ።