መርፌና ሸክላ በከፋ፦ የእጅ ሥራ ክብርና ንቀት ታሪክ

ከቦንጋ ተነስቶ የውሽውሽን የሻይ እርሻ እያለፈ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሺሺንዳ፣ በከፋ ዞን የሺሾ እንዴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ እንደ ዞኑ ሌሎች ከተሞች ሁሉ ስሟ የሚነሳው በቡና፣ በማርና በቅመም እንጂ በመርፌና በክር አይደለም። ይሁን እንጂ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በከፋ ከተሞችም የሶፋ መደገፊያን፣ ቴሌቪዥንን፣ የትራስ ልብስንና የቡና ዕቃ መሸፈኛን የሚያስጌጠው ዳንቴልና ጥልፍ፣ የአገሩ የእጅ ሥራ ታሪክ ካስቀመጣቸው ጥያቄዎች አንዱን ይዞ ይገኛል፤ ይኸውም ተመሳሳይ ትዕግሥት፣ ተመሳሳይ ዓይንና ተመሳሳይ ጣት የሚጠይቁ ሙያዎች አንዱ የባለቤቱ መከበሪያ፣ ሌላው የባለቤቱ መናቂያ ሊሆኑ የቻሉት ለምንድን ነው የሚለው ነው። መልሱ ከሥራው ክብደት ወይም ከውበቱ ማነስ የሚገኝ አይደለም፤ ሥራው መተዳደሪያ ነበር ወይስ ከሌላ ኑሮ ጎን ለጎን ለደስታ የሚያዝ ነበር ከሚለው ልዩነት የሚመነጭ ነው።

የከፋ መንግሥት ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደን፣ በገደልና በሰው እጅ በተቆፈሩ ረጃጅም የመከላከያ ቦዮች ተከልሎ የኖረ፣ ንጉሡ ሚክሬቾ ከሚባሉ አማካሪዎች ጋር የሚያስተዳድረው መንግሥት ነበር። የዚህ መንግሥት ኅብረተሰብ በሥራ ዓይነት የተከፋፈለ ሲሆን፣ ከገበሬው ሕዝብ ተለይተው ማኖ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ቀሞ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኖ የሚባሉት ደግሞ ሸማኔዎች ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ ዝቅ ተደርገው ይታዩ የነበሩት ማንጆዎች በአደን ይተዳደሩ የነበሩና የመንግሥቱን በሮች በመጠበቅ የሚያገለግሉ ሕዝብ ነበሩ። ልጅ የአባቱንና የእናቱን ሙያ ይወርስ ነበር፤ ከሌላው ወገን ጋር መጋባት የተከለከለ ነበር፤ አብሮ መብላትና ወደ ቤት መግባትም ጥብቅ ወሰን ነበረው። ይህ ክፍፍል የከፋ ብቻ አልነበረም፤ በወላይታ፣ በዳውሮ፣ በጋሞና በሰሜኑም ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ መልክ ይገኝ ነበር፤ በከፋ ግን በተለይ ሥር የሰደደና ቅሪቱ እስከ ዛሬ ያልጠፋ ነው።

ይህን ሥርዓት በቅርበት ለመረዳት ቡና የሚፈላበትን ጀበና መመልከት ይበቃል። ጀበና የሚሠራው ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ ነው። ጭቃው ተመርጦ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ እንዳይሰነጠቅ ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል፤ ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ስብርባሪ ነው። ከዚያም ሠሪዋ ሆዱን፣ አንገቱንና ጆሮውን በየተራ ቀርጻ፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽታ፣ በጥላ አድርቃ፣ በመጨረሻ በግልጽ እሳት ትተኩሰዋለች። እሳቱ ከበዛ ይፈነዳል፤ ካነሰ ውኃ ያፈሳል፤ መጠኑን የሚነግራት የዓመታት ልምድ እንጂ መለኪያ መሣሪያ አይደለም። የቡና መገኛ በሆነች አገር የእንግዳ ክብር የሚገለጸው በዚህ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃውን የሠራችው ሴት በዚያው ቡና ዙሪያ እንድትቀመጥ ያልተፈቀደላት ዘመን ረጅም ነበር። ከከፋ ታሪክ ውስጥ እጅግ አሳዛኝ የሆነው ክፍል የከፋ ነጻ መንግሥት ያበቃበት ጦርነት ብቻ አይደለም፤ ይህ መገለልም ነው።

በሽመና ረገድ ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አንድ ጋቢ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሥራው በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። የመጀመሪያው ወገን የሴቶች ነው፦ ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ፈትል የገበሬ ሚስትም፣ የመኳንንት ሚስትም የምትይዘው ሥራ ነበር፤ ቀጭንና እኩል የሆነ ፈትል የምትፈትል ሴት በባለሙያነቷ ትመሰገናለች፤ እጇ ሥራ ላይ ሳለም መጫወት፣ ልጅ መጠበቅ፣ እንግዳ ማናገር ትችላለች። ሁለተኛው ወገን የሸማኔው ነው፦ እርሱ ያንኑ ክር ተቀብሎ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ከጉድጓድ አስገብቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ጨርቅ ያደርገዋል። ድር ማለት በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ ማግ ማለት ደግሞ በአግድም የሚገባው ነው። ጥለት፣ ማለትም ባለ ቀለሙን የጨርቅ ዳር፣ የሚሠራው ሸማኔ ድሮቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ነውና ሥራው ሒሳብ ጭምር ነው። ጨርቁ አንድ፣ ክሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ፈታይዋ ወይዘሮ ስትባል ሸማኔው የሚሰደብበት ምክንያት ፈታይዋ በፈትሏ ስለማትተዳደርና ሸማኔው ስለሚተዳደርበት ነው። መሬት ያለው ሰው የሚከበርበት ሥርዓት፣ ከመሬት ይልቅ በእጁ የሚኖረውን ሰው እንደ ጎዶሎ ይቆጥረው ነበር።

የከፋ ደጋ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ የማይለየው፣ ለቡናና ለእንሰት የተመቸ እንጂ ለጥጥ የሚሆን አይደለም፤ ጥጥ ሙቀትና ደረቅ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥጡ በጎጀብና በኦሞ ሸለቆዎች ካሉ ቆላማ ቦታዎች ይመጣ ነበር፤ በሽመናቸው የታወቁት ዳውሮና ኮንታም ጎረቤቶች ናቸው። ከደኑ የሚገኘው የእጅ ሥራ ግን የከፋ የራሱ ነው። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ገመድ ይሆናል፤ በተለይ በአድዮ ወረዳ ያለው የደጋ ቀርከሃ ለአጥር፣ ለዕቃና ለቤት ይውላል፤ ከዛፍ ላይ የሚሰቀለው ረጅሙ ቀፎም የሥራው ጥራት ከማሩ ጋር አብሮ የሚመዘን ነው። ቀፎና ገመድ መሥራት የገበሬው የራሱ ሥራ ስለነበር የስድብ ምክንያት አልሆነም፤ ይህም ንቀቱ ከእጅ ሥራ ጋር ሳይሆን ከመተዳደሪያነት ጋር የተሳሰረ እንደነበር ተጨማሪ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ከረጅም ወራት ውጊያ በኋላ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ፣ የከፋ ነጻ መንግሥት አበቃ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ሠራዊት ጋር ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች አገሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ከፋ የመጣውና በኋላ በ1920 እና በ1923 ስለ ከፋ ሕዝብ ሁለት ሰፋፊ ቅጾችን ያሳተመው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ደግሞ የዕለት ተዕለት ዕቃዎችን ሰብስቦ ወደ ቪየና ወስዷል፤ ስለሆነም የከፋን የጥንት የእጅ ሥራ ለማጥናት የሚሻ ሰው ከቦንጋ ይልቅ ወደ አውሮፓ ለመሄድ ይገደዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ጊዜውን የቀደመ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው በማዕድ ላይ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አዋጅ ብቻውን ሊወስን አልቻለም፤ በከፋም አልወሰነም።

ጥልፍ ወደ ከፋ የገባው በሌላ በር ነው። በጨርቅ ላይ በመርፌና በባለ ቀለም ክር ጌጥ መሥራት በኢትዮጵያ ጥንታዊ ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ዛሬ በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው፣ ከጥጥ ተሠርቶ በሐር የተጠለፈ ነው። ሆኖም የዚያን ዘመን የቀሚስና የለምድ ጥልፍ በአብዛኛው የወንድ ባለሙያዎች ሥራ ነበር። በቤት ውስጥ በሴት እጅ የሚሠራው፣ በተለይም መስቀልኛ ጥልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት ተሻጋሪ ክሮች እንደ መስቀል የሚሠራበት አጠላለፍ፣ የተስፋፋው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ነው። በአውሮፓ መስቀልኛ ጥልፍ ልጃገረዶች ፊደልና ቁጥር በጨርቅ ላይ እየጠለፉ የሚማሩበት ስልት ሆኖ ለብዙ ዘመን ቆይቷል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ በበርሊን የታተሙ ባለ አራት ማዕዘን ንድፎች ሲሸጡ፣ ሥዕል መሣል የማትችል ሴት እንኳ ቀዳዳ እየቆጠረች አበባና ወፍ ማውጣት ቻለች። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሚሲዮኖች ይህንኑ ልማድ በሴቶች ትምህርት ውስጥ አስገቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትና በኋላ በእቴጌይቱ ስም የተቋቋመው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም የመርፌን ሥራ የተማረች ሴት ምልክት አደረጉት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤት ወደየክፍለ ሀገሩ ሲስፋፋ፣ ለሴት ተማሪዎች የሚሰጠው የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ትምህርት ከመምህራኑ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብም ዘለቀ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መርፌው በከፋ ሲደርስ ከማንኛውም ወገን ጋር ያልተሳሰረ መሆኑ ነው። ሸክላ የማኖ፣ ብረት የቀሞ፣ ሽመና የሸማኖ ነበር፤ ጥልፍና ዳንቴል ግን የተማሪ፣ የመምህርት፣ የሠራተኛ ሚስትና የነጋዴ ልጅ ሆኖ መጣ። ዳንቴል በኪሮሽ፣ ማለትም ጫፉ በተቆለመመ ትንሽ ዘንግ፣ ነጭ ክርን ቋጠሮ በቋጠሮ እያያያዙ የሚሠሩት ጌጥ ሲሆን፣ መሣሪያው ከኪስ የሚገባ፣ ሥራው በማንኛውም ሰዓት ተቋርጦ በማንኛውም ሰዓት የሚቀጥል ነው። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር እስከ ቀበሌ በወረደ አደረጃጀቱ የሴቶችን የእጅ ሥራ ሥልጠና ሲያበረታታ፣ ሙያው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወጥቶ ትምህርት ቤት ወዳልገቡ ሴቶችም ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ አስተማሪው መንግሥት አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ታናሽ ከታላቅ፣ ያለቀውን ሥራ ገልብጣ ጀርባውን እያየች ትማራለች። የጥልፍ ባለሙያ የሚፈተነው በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ነውና፤ ክር ያልተንዛዛበት፣ ቋጠሮ ያልበዛበት ጀርባ የእጅን ጥራት ይመሰክራል።

የዚህ ሥራ ትክክለኛ ሰዓት ቡና የሚፈላበት ሰዓት መሆኑ ለከፋ በተለይ የሚስማማ ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ እስኪጠናቀቅ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ጀበናው እስኪፈላ እጅ ሥራ ይፈልጋል፣ ጆሮ ግን ለወሬ ነጻ ይሆናል። ቀኑን በቡና ለቀማ፣ በገበያ፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በክፍል ውስጥ ያሳለፈች ሴት፣ ማታ ኪሮሽዋን የምታነሳው ገንዘብ ስለሚያስገኝላት አይደለም፤ መዝሙር የምትወድ እየዘመረች፣ ራዲዮ የምትወድ እያዳመጠች፣ ጨዋታ የምትወድ ከጎረቤቶቿ ጋር እየተጫወተች የምትሠራው በመሆኑ ነው። ይህ በራሱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ የሴት ጊዜ ሁሉ የሌላ ሰው ነበርና፣ አንድ የጠረጴዛ ጨርቅ ለመጨረስ የሚጠፋው ክረምት የባለቤቷ የግል ንብረት ከሆኑ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን ሥራ ቤት ማስጌጫ ብቻ አድርጎ ማየት የታሪክ ጸሐፊዎች የቆየ ድክመት ነው፤ የሴት ጥልፍ ከጦርነትና ከሹመት ታሪክ ጎን ተመዝግቦ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ዛሬ በሺሮ ሜዳ ገበያ የሚሸጠው የሐበሻ ልብስ ጥልፍ በአብዛኛው በመኪና ይሠራል፤ ርካሽ የተዘጋጀ ዳንቴልም ከውጭ ይገባል። ስለዚህ በእጅ መጥለፍ ከቀድሞው ይልቅ የደስታ ሥራ እየሆነ ሄዷል። በአንጻሩ ሸክላ ሠሪዋ እስከ ዛሬ የምትሠራው ለዕለት ጉርሷ ነው፤ የምታገኘው ዋጋ ከድካሟ ጋር አይመጣጠንም፤ የቆየው ርቀትም በአንዳንድ ቦታ በሰርግና በለቅሶ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከፋን ከዳውሮና ከኮንታ ጋር በአንድ አስተዳደር አሰባስቧል፤ የከፋ ደን፣ ቡናና ቀርከሃም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥበቃ ሥር ነው። ለዛፉና ለቡናው የተደረገው ጥንቃቄ ለሠሪዎቹም ሊደረግ ይገባል፦ በቦንጋ ያለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ጀበናውን ከሠራችው ሴት ስምና ከመንደሯ ጋር፣ የቡና ዕቃ መሸፈኛውን ከጠለፈችው እጅ ጋር፣ ጋቢውን ከፈታይዋና ከሸማኔው ጋር በአንድ መደርደሪያ ቢያስቀምጥ፣ በትምህርት ቤት የመርፌ ሥራ የተማሩት እናቶችና ሙያውን ከእናቶቻቸው የወረሱት ሸክላ ሠሪዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መዝግቦ መያዝ ይቻላል።