ዲግሪው የሚጠይቀውና መስመሩ የሚጠይቀው፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ መስፈርት ከመካነ ኢየሱስ ሲታይ

በደቡብ ጎንደር ከምትገኘው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተነስቶ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለመሆን የሚያልም የእስቴ ልጅ ዲግሪውን ለመያዝ ምን ምን ማሟላት አለበት? መልሱ በየዩኒቨርሲቲው ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ተጽፏል። ይህ መጣጥፍ የተጻፈውን መስፈርት መሐንዲሱን ከሚጠብቀው ሥራ ጋር አስተያይቶ አንድ ነገር ይሞግታል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ እጅ የሚፈታበትን ሥራ በግዴታነት ቢደነግግም፣ ከመስፈርቶቹ ሁሉ በላላ ሚዛን የሚመዝነው እሱኑ ነው። ጉዳቱም ከፋብሪካና ከማመንጫ ርቆ ባደገው ተማሪ ላይ ይበረታል።

መንገዱ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ በታች ሆነው ትምህርት ሚኒስቴር የወሰነውን መቁረጫ ነጥብ ያገኙት በሪሜዲያል ትምህርት ሌላ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤት ለዘጋበት ልጅ ይህ በር ከቁጥሩም በላይ ጠባብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆንም እንኳ የኦምን ሕግ መለኪያ መሣሪያ ሳይነካ ከሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ ተማሪ ሌላው ሀገር ያለ እኩያው የጨረሰውን ሥራ ገና አልጀመረውም።

ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ያለው አምስት ዓመት ነው። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት የሒሳብና የፊዚክስ መሠረት ከእንግሊዝኛ፣ ከሎጂክ፣ ከሥነ ልቦናና ከጂኦግራፊ ጋር ያስተምራል። ቀጥሎ በውጤትና በምርጫ የምህንድስና ምደባ ይመጣል። ከዚያ በኋላ አፕላይድ ማቲማቲክስ፣ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት፣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድ፣ ሲግናልና ሲስተም፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ዲጂታል ሎጂክ፣ የኤሌክትሪክ ማሽኖች፣ ኮንትሮል፣ ፓወር ሲስተም እየተከታተሉ ይወሰዳሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተማሪው በፓወር፣ በኮንትሮል፣ በኮሙኒኬሽን ወይም በኮምፒዩተር ስትሪም ይለያል። አጠቃላይ ጂፒኤው ከ2.00 መውረድ የለበትም፤ በኤፍ የቀረ ኮርስም ይዞ አይመረቅም። የአንድ ሴሚስተር ኢንተርንሺፕና የመመረቂያ ፕሮጀክት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ሁሉ ላይ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል።

ይህ አወቃቀር ባንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። በአዲስ አበባ የምህንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ የተተከለበትን ቦታ ልብ ማለት ይገባል። በከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ተማሪ ጄኔሬተሩንም ሞተሩንም በቅርብ ርቀት ያገኝ ነበር። በእኔ እምነት የዚያ ዘመን ትምህርት ትልቁ ሀብት ይህ ቅርበት ነው፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት ሲስፋፉ ሊከተላቸው ያልቻለውም እሱ ነው። ከሰባ ከመቶ ያላነሰው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የወጣው የ70/30 ፖሊሲ ክፍሎቹን ሞላ፤ ላብራቶሪና ፋብሪካ ግን በመመሪያ አይበዙም። በጀርመን ድጋፍ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተካሄደው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ኢንተርንሺፕን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ለማድረግ የሞከረው ይህን ክፍተት አይቶ ነው።

የመውጫ ፈተናው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር፤ በሁሉም የትምህርት መስክ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 ከመቶ ያህሉ፣ ከግል ተቋማት 17 ከመቶ ያህሉ አለፉ። ፈተናው አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። በጂፒኤ ብቻ ሲታመን በአንድ ግቢ የተሰጠ ኤ በሌላው ግቢ ከተሰጠው ቢ ጋር የሚነጻጸርበት መንገድ አልነበረም። ነገር ግን በኮምፒዩተር ላይ የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ የሚለካው የታወቀውን ነው። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ፊት ቆሞ ከየት እንደሚጀመር፣ ሳይለኩ መስመር እንደማይነካ፣ የተለካው ቁጥር ከስሌቱ ሲለያይ የትኛው እንደሚጠረጠር በምርጫ ጥያቄ አይፈተንም። ዲግሪን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ፈተና ሲመጣ ደግሞ መምህሩም ተማሪውም ጊዜያቸውን ወደሚፈተነው ማዘንበላቸው አይቀርም፤ መጀመሪያ የሚቀነሰውም የላብ ሰዓት ነው።

በሚፈተነውና በሚሠራው መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ከመካነ ኢየሱስ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። አንድ መቶ ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር የሚያገለግለው ሠፈር እናስብ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በበዓል ዋዜማ ሠላሳ ቤት ባንድ ጊዜ ምጣዱን ቢጥድ 105 ኪሎ ዋት ሆነ፤ አምፖሉና ምድጃው ሳይቆጠር ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ አልፏል። እስከዚህ ያለውን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያሰላዋል። ነገሩ ከዚህ በኋላ ይጠልቃል። መስመሩ ረጅም ሲሆን ጫፍ ላይ ያለው ቤት 220 ቮልት አያገኝም፤ 190 ቢደርሰው የምጣዱ ኃይል በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚወርድ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ይሆናል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ረዘም ላለ ጊዜ ይበራል፣ የአንዷ እናት ጋገራ ከጎረቤቷ ጋገራ ጋር ይደራረባል። ቮልቴጁ መውደቁ ጭነቱን ያቀለለ መስሎ በመደራረቡ መልሶ ያከብደዋል። በላዩ ላይ ቤቶቹ ለሦስቱ ፌዞች እኩል ካልተከፋፈሉ አንዱ ፌዝ ብቻውን ይጋያል፤ ሠፈሩም ለቀናት መብራት አልባ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሰርኪዩት፣ ማሽንና ፓወር ሲስተም የተባሉት ኮርሶች በአንድ ፖል ሥር መገናኘት አለባቸው፤ ተማሪውም በጋገራ ሰዓት ክላምፕ ሜትር ይዞ እዚያ መገኘት አለበት። የመሬት ማስገቢያውም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ የተለካ የአፈር ሬዚስታንስ በመጋቢት ደረቅ መሬት ላይ አይሠራም፤ ከአጎራባቹ የስማዳ ቆላ እስከ ጉና ተራራ ተዳፋት ድረስ ደግሞ አፈሩም አለቱም ይለያያል።

ፋብሪካ ባይበዛም እንዲህ ያለው መስመር በቅርብ ስላለ የክልሉ ዕድል እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ ያቀለጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ስሙን የወሰደው ከዚያች ቦታ ነው። ኢንስቲትዩቱ ግን ፋብሪካ በበዛበት ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ተማሪዎቹን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለኢንተርንሺፕ መላክ ደግሞ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ የቤት ኪራይና የምግብ ጥያቄ ነው። ያየኋቸው ብዙ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን የሚያልቁትም በስንፍና ሳይሆን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሲሙሌሽኑ ይቆይ፤ ቁጥሩ ግን ከመሬት ይምጣ።

ስለዚህ ከመስፈርቶቹ አንዱ እንዲጠብቅ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኢንተርንሺፑ በኤሌክትሪክ አገልግሎት የወረዳ ማዕከላት፣ በእስቴም፣ በስማዳም፣ በጋይንትም፣ በባለሙያ ክትትልና በደኅንነት ሥልጠና ይሁን። አሠሪው በሚሰጠው አንድ ገጽ ምስክርነት ላይ ብቻ ከመደገፍ ተማሪው በየቀኑ የለካውን በመዝገብ ያስፍር፤ ነጥቡም ከአንድ ዋና ኮርስ ያላነሰ ይሁን፤ እዚያ የወደቀ እንደገና ይሥራ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ከዚያው መዝገብ ይቀጥል፤ የአንድ ሠፈር የፌዝ ክፍፍል፣ የአንድ መስመር የቮልቴጅ ውድቀት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ መጠባበቂያ ሶላር በቂ ርዕስ ነው። ፕሮጀክቱ ሲቀርብም ከመምህራኑ ጎን የማዕከሉ ቴክኒሻን ይቀመጥ፤ በየትኛው ፖል ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፌዝ እንደተለካ ተማሪውን የሚጠይቀው እሱ ይሁን።