መንቆረርን በእግር

የደብረ ማርቆስን ታሪክ ለመረዳት በእግር መሄድ ይሻላል፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው እግረኛና በቅሎ በሚመላለሱበት ዘመን ነውና። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. ገደማ ሲመሠርቷት ስሟ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው በማርቆስ ደብር ስም ያስጠሯት። ከቤተ መንግሥታቸው ወደ ደብሩ የሚራመድ ሰው ዙፋንና ታቦት እንዴት ተደጋግፈው ከተማ እንዳቆሙ ይገባዋል፤ ከመኪና መስኮት ይህ አይታይም።

አሮጌው ፈርሷል፣ አስፋልቱም ሁሉን ለውጧል የሚሉ አሉ። ስለ ቤቶቹ እውነት አላቸው። መንገድ ግን ራሱ ቅርስ ነው፤ የገጠሩ ሰው ዛሬም እህሉን በአህያ ጭኖ በእግሩ ገበያ ይወጣል። የጎጃም አርበኞች ጣሊያንን ያስጨነቁት ይህን ገጠር በእግራቸው ስለሚያውቁት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ከአዲስ አበባ አስቀድመው የገቡት ደብረ ማርቆስ ነው።