ወስፌና የስፌት መኪና

ከጥንታውያን አድባራት በአንዱ ዕቃ ቤት ገብተን ብንመለከት፥ በግድግዳው ላይ ከተተከለው እንጨት በጠፍር ተንጠልጥሎ የሚታየው ማኅደር ዓይናችንን ሳይስበው አይቀርም። ማኅደሩን ከፍተን መጽሐፉን ስናወጣና የብራናውን መጨረሻ ስንገልጥ፥ መጽሐፉን ያጻፈው ባለጸጋ ስሙ ተጽፎ፥ የጸሐፊውም ስም ተከትሎ ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን። ማኅደሩን በወስፌ እየወጋ የሰፋው ሰው ግን፥ ጸሐፊው ራሱ ካልሆነ በቀር፥ ስሙ የለም። የቃሉን ጌታ አወቅነው፤ ቃሉ ከዝናብና ከጭስ ተጠብቆ ለእኛ እንዲደርስ ያደረገውን እጅ ግን አላወቅነውም። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚህ ስም አልባ እጅና፥ በኋላ ዘመን ተነሥቶ ስለ ተወዳደረው ስለ ስፌት መኪና ነው።

አባቶቻችን ከቆዳ ያላበጁት ነገር ጥቂት ነው። እህላቸው በስልቻና በአቅማዳ ይጫን፥ ስንቃቸው ቆዳ በለበሰ አገልግል ይያዝ፥ መኝታቸውም ቍርበት ነበር። ፈረሰኛው ያለ ኮርቻና ያለ ልጓም፥ ወታደሩም ያለ ጋሻና ያለ አፎት ወደ ጦር ሜዳ አይወርድም ነበር። የበገናውም ድምፅ እንዲያ እየነዘረ ልብን የሚመስጠው፥ በአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ስለምትገባ ነው። እንግዲህ ከእርሻው እስከ ጸሎቱ፥ ከጦርነቱ እስከ ዜማው ድረስ የቆዳ ሠራተኛው እጅ ያልገባበት ሥራ አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጥበብ ይልቁንም በመጽሐፍ አጠራረዝ ላይ ጐልቶ ይታያል። በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ሲታይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የሚውል ሆኖ ተገኝቷል። ብራና ይህን ያህል ዘመን የሚዘልቀው በቆዳው ጽናት ብቻ ሳይሆን በሚጠብቀውም ሰው ትጋት ነው። በአገራችን ጠራዥ ዘንድ አንዱ ጥራዝ ከሌላው ጥራዝ ጋራ የሚያያዘው በክር ብቻ ሲሆን፥ መርፌው ከጥራዙ በወጣ ቁጥር ከታች ባለው ስፌት ሥር ዞሮ ስለሚመለስ፥ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የሰንሰለት መልክ ያለው ስፌት ይሠራል። ክሩም የእንጨቱን ገበታ በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ አልፎ ይያዛል። ከዚህ በኋላ ገበታው በቀይ ቆዳ ይለብስና በጋለ ብረት እየታተመ መስቀልና ሐረግ ይደጐስበታል። ይህ ጥበብ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐረር የገባው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን፥ በዚያች ከተማ የሚሠራውን የመጽሐፍ ጥራዝ አድንቆ ጽፏል።

ቆዳን በእጅ መስፋት ምን እንደሚጠይቅ ያልሞከረው ሰው አያውቀውም። ጨርቅ ይቅር ባይ ነው፤ መርፌው ድሩንና ማጉን ገለል አድርጎ ያልፋል፥ ስፌቱም ቢፈታ ቀዳዳው ተመልሶ ይገጥማል። ቆዳ ግን ይቅር አይልም፤ አንድ ጊዜ የተወጋው ቀዳዳ እስከ ዘለዓለም ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ መሥመሩን ያሰምራል፥ ርቀቱን ይለካል፥ ከዚያም በወስፌ ይወጋል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ቢራራቁ ስፌቱ ይላላል፤ እጅግ ቢቀራረቡም ቆዳው በዚያው መሥመር እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ክሩን በሰም ያሸዋል፤ በክሩም በሁለቱ ጫፍ ሁለት መርፌ ያስርና፥ በያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱን ከቀኝ ሌላውን ከግራ አሳልፎ በሁለት እጁ እኩል ይስባል። የኮርቻ ሠሪዎች ስፌት የሚባለው ይህ ነው። ችኵልነትን የሚቀጣ፥ ትዕግሥትን የሚክስ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ያደርግ የነበረው ሰው በአገሩ ምን ክብር አገኘ ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ የሚያሳፍር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፥ ቆዳ የሚሠራው ፋቂ እየተባለ ይዋረድ ነበር። በብዙ የአገራችን ክፍል ቆዳ ፋቂው ርስት አይዝም፥ ልጁም ከሌላው ወገን ጋራ አይጋባም ነበር። እርሱ የሰፋው ማኅደር ቤተ መቅደስ ሲገባ፥ እርሱ ራሱ ከጎረቤቱ ማዕድ ይገለል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ነውር ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፥ ባለእጅን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፥ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ። ዐዋጅ ግን አፍን ሊከለክል ይችላል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም። የተሰደበው አባት ሙያውን ለልጁ ለማውረስ ይሰቀቃል፤ ልጁም የአባቱን ወስፌ ይሸሽጋል። አንድ ጥበብ የሚጠፋውም የሚበልጠው ስለ መጣ ብቻ ሳይሆን፥ ባለቤቱ ስላፈረበትም ነው።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ አውሮፓ እንመልስና፥ ይኸው ወስፌ እዚያ ምን እንደ ወለደ እንመልከት። የስፌት መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ልብስ ነው። ነገር ግን ቶማስ ሴንት የተባለው እንግሊዛዊ በ1790 የባለመብትነት ማስረጃ ያወጣበት መኪና፥ ከስፌት መኪናዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የሚቈጠረው፥ የታሰበው ለቆዳ ነበር። አሠራሩም የጫማ ሰፊውን እጅ የተከተለ ነው፤ አስቀድሞ ወስፌው ይወጋል፥ ቀጥሎ መርፌው ክሩን ያስገባል፥ የሚሠራውም የሰንሰለት ስፌት ነው። ሰነዱ ስለ ሙጫ፥ ስለ ቫርኒሽና ስለ ጫማ ከተጻፈው ጋራ ተቀላቅሎ ስለ ነበረ፥ እስከ 1874 ድረስ 84 ዓመት ያህል ልብ የሚለው ሳያገኝ ቀረ። በፈረንሳይ ቲሞኒዬ በ1830 ያወጣው መኪና የወታደር ልብስ መስፋት በጀመረ ጊዜ፥ እንጀራችን ተነጠቀ ያሉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች በማግሥቱ ዓመት ተነሥተው መኪናዎቹን ሰባበሩ፤ ሰውየውም በ1857 በድህነት ሞተ። በአሜሪካ ኤልያስ ሃው በ1846 የመርፌውን ዓይን ወደ ጫፉ አቅርቦ፥ የላዩንና የታቹን ሁለት ክር የሚያቈላልፈውን ስፌት በሥራ አዋለ። ሲንጀር በ1851 ተከተለ። በ1858ም ላይማን ብሌክ የጫማን የላይ ቆዳ ከሶሉ ጋራ የሚሰፋ መኪና ፈለሰፈ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የያን ማትዘሊገር ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1852 የሆላንድ ቅኝ በነበረችው በሱሪናም አገር ተወለደ፤ አባቱ ሆላንዳዊ መሐንዲስ፥ እናቱ ጥቁር ነበረች። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሊን ከተማ በጫማ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዚያን ዘመን የጫማው ሶል በመኪና ይሰፋ ነበር፤ የላዩን ቆዳ በፎርማ ላይ ወጥሮ ከሶሉ ጋራ ማጋጠም ግን የእጅ ሥራ ብቻ ነው፥ በመኪናም አይቻልም ይባል ነበር። ማትዘሊገር ቀን በፋብሪካ እየሠራ፥ ሌሊት የባለሙያዎቹን የእጅ አካሄድ በማጥናት ደከመ። መጋቢት 20 ቀን 1883 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባለመብትነቱ ተረጋገጠለት። በእጅ በቀን 50 ጥንድ ያህል ይወጣ የነበረው ሥራ በመኪናው ከ150 እስከ 700 ጥንድ ደረሰ። እርሱ ግን በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በ1889 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። በመልኩ የተናቀ ሰው የብዙ ሕዝብን እግር አጫማ። ይህንም ያደረገው እጅን ንቆ ሳይሆን፥ የእጅን አካሄድ በትዕግሥት አጥንቶ ነው።

ታዲያ መኪና ከመጣ ወስፌ ለምን ይፈለጋል የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሰጠን መጽሐፍ ሳይሆን፥ በአዲስ አበባ ከመንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ናቸው። የደብተር መያዣ ቦርሳችን ስፌቱ ተተርትሮብን ወስደንላቸው ነበርና፥ ቦርሳው ገና አዲስ መሆኑን ነግረን ስናማርር፥ ፈገግ ብለው ክሩን ጎተት አደረጉት። ከዚያም የመኪናው ስፌት የላይና የታች ክር ተቃቅፎ የቆመ በመሆኑ፥ አንዱ ከተበጠሰ ጎረቤቱም ተከትሎ እንደሚላላ፤ በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን በያንዳንዱ ቀዳዳ ክሩ ከሁለት ወገን ስለሚያልፍ፥ አንዱ ስፌት ቢበላ ሌላው ባለበት እንደሚጸና አስረዱን። መኪናውን አልነቀፉም፤ ለአዲሱ ሥራ ፍጥነቱን አመስግነው፥ ለሚጐተተውና ሸክም ለሚበዛበት ስፍራ ግን እጅ ይሻላል አሉ። ይህንም እየተናገሩ ሰፍተው ጨረሱልን። ቦርሳው ዛሬም አለ፤ በሌላ በኩል ያለው የመኪና ስፌት ሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ፥ እርሳቸው የሰፉት ንቅንቅ አላለም።

ስለ አገራችን ቆዳ ጥራት የውጭ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ዐውቀውታል። የደጋው በጋችን ቆዳ ስስና ጽኑ በመሆኑ በዓለም የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። ለብዙ ዘመን ግን ቆዳውን ከሞላ ጐደል ጥሬውን እየሸጥን፥ በሌላ አገር እጅ የተሰፋውን ዕቃ በብዙ ዋጋ ስንገዛ ኖርን። የሸጥነው ቆዳውን፥ የገዛነው ስፌቱን ነው። ዛሬ ፋብሪካዎቻችን ጫማና ጓንት እስከ መስፋት መድረሳቸው የሚያስደስት ነው፤ ቢሆንም ሙያውን ያለ ክብር ይዘን ሩቅ አንሄድም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ዛሬ ሐኪሙ፥ መምህሩና ጸሐፊው ከሥራው ሲመለስ ወስፌና ሁለት መርፌ ይዞ፥ ቀበቶ ወይም የገንዘብ ቦርሳ እየሰፋ ለደስታው ያመሻል፤ የሰፋውንም ለወዳጁ በኩራት ያበረክታል። በእኛ ዘንድ የስድብ ምክንያት የነበረው ሥራ በእነርሱ ዘንድ የመዝናኛ ምክንያት ሆነ። ይህን ስንል ሌላውን ለመኮረጅ አይደለም፤ የራሳችንን እንድናስታውስ ነው እንጂ። መምህራን በየትምህርት ቤታቸው የእጅ ሥራ ሰዓት ሲኖራቸው፥ ከአካባቢው አንድ ባለወስፌ ጠርተው በመምህር ወንበር ቢያስቀምጡት፥ ተማሪው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይማራል፤ አንደኛው ቆዳ መስፋትን፥ ሁለተኛውም ባለሙያን ማክበርን። የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም የአንድን የእጅ ሥራ ዋጋ ሲተምኑ፥ የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የትዕግሥቱን ዋጋ ጭምር ቢያስቡ መልካም ነው።

መኪናው ይግባ፥ ይብዛም። ነገር ግን የመኪናው አባት ወስፌ መሆኑን፥ ወስፌውንም የያዘ እጅ እንደ ነበረ አንርሳ። ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሰን ያን ማኅደር ስናወርድ፥ የባለጸጋውንና የጸሐፊውን ስም አንብበን ከጨረስን በኋላ፥ ጣታችንን በስፌቱ ላይ ጥቂት እናሳርፍ። ስሙ ያልተጻፈው ሰው ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው።