ከባሌት መድረክ እስከ መቀሌ፤ የኦድሪ ሄፕበርን መንገድ

የኦድሪ ሄፕበርን ስም በተነሣ ቁጥር በብዙዎች ዓይነ ሕሊና ቀድማ የምትመጣው ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ዕንቁ አጥልቃ፣ በኒው ዮርክ ጎዳና በጌጣጌጥ መደብር መስኮት ፊት የቆመችው ቀጭን ሴት ናት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሌላም ምስል አለ፤ በመጋቢት ወር 1980 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ወላጆቻቸውን ባጡ ሕፃናት መካከል የተገኘችው የ58 ዓመት ሴት። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች እነዚህን ሁለት ምስሎች አንዱን የዝና፣ ሌላውን የምጽዋት ታሪክ አድርገው ለየብቻ ይተርኳቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው የሚል ነው። ምንጩም በረኃብ ምክንያት የተቋረጠ የባሌት ሕይወት ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ኦድሪ ሜይ 4 ቀን 1929 በብራስልስ ከተማ ተወለደች። እናቷ ኤላ ቫን ሄምስትራ የሆላንድ መኳንንት ወገን፣ አባቷ ጆሴፍ ራስተን ደግሞ የእንግሊዝ ዜጋ ነበሩ። ሁለቱም በ1930ዎቹ አጋማሽ የኦስዋልድ ሞዝሊ የእንግሊዝ ፋሺስቶች ማኅበር ደጋፊዎች ነበሩ። ይህ ማኅበር በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሲወር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል በአደባባይ የቀሰቀሰ ነው። በዚያው ዓመት አባትዬው ቤታቸውን ጥለው ሄዱ፤ በጦርነቱም ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ታሰሩ። ታሪክ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አያጣም። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ጠላት ወዳጆች ጋር የተሰለፉባት ልጅ ከ53 ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ሕፃናት ልትለምን ትመጣለች ብሎ ያኔ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ እናቲቱ ልጇን ከእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አውጥታ ሆላንድ ውስጥ ወደምትገኘው አርነም ከተማ ወሰደቻት። ሆላንድ በቀደመው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ሆና ስለዳነች አሁንም ትድናለች የሚል ተስፋ ነበረ። በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ገባ፤ ተስፋውም አበቃ። ኦድሪ የእንግሊዝ ልጅ መሆኗ እንዳይታወቅ እንግሊዝኛ መናገር ተከለከለች። በእነዚያ ዓመታት ያጽናናት ባሌት ነበር። በአርነም የሙዚቃ ትምህርት ቤት በዊንያ ማሮቫ እጅ ሠለጠነች፤ ሕልሟም አንድ ብቻ፣ ታላቅ የባሌት ዳንሰኛ መሆን ነበር።

በኦገስት 1942 የአክስቷ ባል ኦቶ ቫን ሊምቡርግ ስቲሩም፣ አርበኞች ላደረሱት ጥቃት ብቀላ ተብሎ፣ ከሌሎች አራት ታጋቾች ጋር በጀርመኖች ተረሸኑ። ቤተሰቡም ከአያቷ ጋር ወደ ቬልፕ መንደር ተዛወረ። ልጅቱ መስኮቱ በተሸፈነ፣ በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለጥቂት ተመልካቾች ትደንስ ጀመር። ሆላንዶች እነዚህን ስብሰባዎች «ጥቁር ምሽቶች» ይሏቸው ነበር። ተመልካች ድምፅ እንዳይሰማ አያጨበጭብም፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ግን ለአርበኞች ይሄዳል። የጭብጨባ ወጀብ የተከተላት ተዋናይት የመጀመሪያ ተመልካቾቿን ያገኘችው እንዲህ በዝምታ ነበር።

ከዚያ ረኃቡ መጣ። በሴፕቴምበር 1944 የተባበሩት ኃይሎች አርነም ላይ ያደረጉት ሙከራ ከሸፈ። ለንደን የነበረው የሆላንድ ስደተኛ መንግሥት የባቡር ሠራተኞችን ለአድማ ጠርቶ ስለነበር ጀርመኖች በብቀላ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሚሄደውን የምግብ ጭነት አገዱ። ክረምቱ ጠንክሮ ቦዮቹ በረዶ ሆኑ። እስከ ነጻነቱ ድረስ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ልብ እንበል፤ አውሮፓ መካከል፣ እርሻዋ በተመሰገነ አገር፣ ሕዝብን የፈጀው የዝናብ እጥረት ሳይሆን የተዘጋ መንገድ ነው። ኦድሪ በኤፕሪል 1945 ነጻ ስትወጣ ገና 16 ዓመት አልሞላትም፤ ደም ማነስ፣ የወፍ በሽታና የሰውነት እብጠት ይዟት ነበር። ከነጻነቱ ጋር የደረሰላት እህል በተባበሩት መንግሥታት ስም የተቋቋመው፣ በኋላ ለዩኒሴፍ መንገድ የጠረገው የእርዳታ ድርጅት የላከው ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ አምስተርዳም ሄዳ ከሶንያ ጋስኬል ዘንድ ትምህርቷን ቀጠለች፤ በ1948 መጨረሻም የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ለንደን፣ ማሪ ራምበርት ትምህርት ቤት ገባች። ራምበርት በ1913 ከኒጂንስኪ ጋር የሠራች፣ ብዙ ዳንሰኞችን ያፈራች መምህርት ናት። ኦድሪ እንደ ዋና ዳንሰኛ ትደርሳለች ወይ ተብላ ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር። ልጅቱ ቁመቷ ረዝሟል፤ ከዚያ የከፋው ግን ሰውነት በሚገነባበት ዕድሜ ምግብ አላገኘችም፤ ያለፈው ዓመት አይመለስም። የባሌት ሰው እንደሚያውቀው ጡንቻና አጥንት በልጅነት የሚያጠራቅሙት ስንቅ አለ። የእርሷን ስንቅ ጦርነቱ በልቶታል።

እዚህ ላይ ታሪኳ ሊያበቃ ይችል ነበር። እርሷ ግን መተዳደሪያ ስለሚያስፈልጋት በለንደን የሙዚቃ ትርኢቶች ከጀርባ ከሚደንሱት አንዷ ሆነች፤ በጥቃቅን የፊልም ሚናዎችም ታየች። በ1951 ሞንቴ ካርሎ ፊልም ስትሠራ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት አየቻትና ለድርሰቷ ለ«ጂጂ» መረጠቻት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ትርኢቱ በብሮድዌይ ተከፈተ። ቀጥሎ ዊልያም ዋይለር በሮማ ያዘጋጀው «ሮማን ሆሊዴይ» በ1953 ሲታይ ዓለም አወቃት፤ በ1954 የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። በዚያው ዓመት በ«ኦንዲን» ቴአትር የቶኒን ሽልማት ደረበች። የምትሻው መድረክ የገፋት ልጅ በ24 ዓመቷ ባልጠበቀችው መድረክ ነገሠች።

ለመሆኑ ዳንሱ የት ሄደ? ፊልሞቿን በጥሞና ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። በ«ሲክሬት ፒፕል» (1952) የባሌት ዳንሰኛ ሆና ተጫውታለች፤ በ«ፈኒ ፌስ» (1957) ከፍሬድ አስቴር ጋር ደንሳለች። ነገር ግን ትምህርቱ ይበልጥ የሚታየው ዳንስ በሌለበት ነው። በ«ዘ ነንስ ስቶሪ» (1959) መነኩሲት ሆና ፊቷና እጇ ብቻ ከልብሱ ውጭ ሲቀሩ፣ የመታዘዝንና የማመፅን ትግል በአንገቷ አቋምና በእርምጃዋ ፍጥነት ትነግረናለች። በ«ዌይት አንቲል ዳርክ» (1967) የዓይነ ስውሯ ሴት ፍርሃት በጣቶቿ ይነበባል። በ«ማይ ፌር ሌዲ» (1964) አብዛኛውን ዘፈን በእርሷ ፈንታ ማርኒ ኒክሰን ብትዘፍነውም አካሏን ግን ማንም ሊተካላት አልቻለም። እርሷ ራሷ የትወና ትምህርት እንደሌላት ደጋግማ ትናገር ነበር፤ አምስት ጊዜ ለኦስካር ያሳጫት ግን በየማለዳው በባሌት አዳራሽ የተማረችው ሥርዓት ነው።

ይህ ነገር ለስደተኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አገር ቤት ያስተማረ ስንት መምህር፣ ያከመ ስንት ሐኪም፣ በባዕድ ከተማ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅና ታክሲ ሲነዳ እናያለን። የተነጠቀ ሙያ ግን ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም፤ በአነጋገር፣ በሥራ ጥንቃቄ፣ ልጅን በማሳደግ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ይህን ማለት ግን ንጥቂያውን ማመስገን አይደለም። ረኃብ ኦድሪን ተዋናይት አደረጋት ቢባል እንኳ ውለታ አልዋለላትም፤ ከእርሷ ጋር የተራቡት ሌሎች ሕፃናት ኦስካር አልተቀበሉምና።

የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው። በ1987 ዝናብ እንደገና ጠፍቶ፣ በትግራይና በኤርትራ ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበር። ከዚያ ቀደም በኦክቶበር 1987 የሻዕቢያ ኃይል እህል የጫኑ የእርዳታ መኪኖችን አቃጥሏል፤ እርሷ ከተመለሰች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ፣ በኤፕሪል 1988፣ የደርግ መንግሥት የውጭ አገር የእርዳታ ሠራተኞች ከሁለቱ ክፍለ አገሮች እንዲወጡ አዘዘ። የሆላንዱ የተዘጋ መንገድ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ተደገመ። ኦድሪም በየአገሩ እየዞረች ስትናገር ድርቁን ብቻ አላነሣችም፤ ከሰላም በቀር መፍትሔ እንደሌለም አሳሰበች።

እርግጥ ነው፣ ብዙዎቻችን በእነዚህ ሥዕሎች ቆስለናል። አገራችን በባዕዳን ዘንድ የከሳ ሕፃንና የመጣለት ዝነኛ እንግዳ ሆና መታየቷ ያንገበግባል፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። የረኃቡን ምክንያት ሳይናገሩ ረኃብተኛውን ብቻ ማሳየት ሕዝብን ማዋረድ ነው። የዚህች ሴት ጉብኝት ግን በዚያው ሚዛን ሊመዘን አይገባውም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል የአገራችን ሰው። እርሷ ግን ተርባ ያደገች ናት። መቀሌ ላይ ያየቻቸው ሕፃናት ከሰውነት እብጠታቸው ጀምሮ የምታውቃቸው ነበሩ።

በሴፕቴምበር 1992 ሶማሊያን ጎበኘች፤ በዚያን ጊዜ በሽታው በውስጧ ነበር። ጃኑዋሪ 20 ቀን 1993 በ63 ዓመቷ ስዊዘርላንድ ውስጥ በቶሎሸናዝ መንደር በካንሰር ዐረፈች። ስለ ውበቷ የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ስለ አለባበሷም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ግን አንዲት ልጅ የተነጠቀችውን ሳትረሳ፣ ቂምም ሳታደርገው፣ ለሌሎች ልጆች መሟገቻ ማድረጓ ነው። እኛም የራሳችንን ረኃቦች ታሪክ ስንጽፍ ከእርሷ ሕይወት የምንወስደው ጥያቄ አለ፤ ዝናቡ የት ሄደ ብቻ ሳይሆን፣ መንገዱን ማን ዘጋው የሚል።